ፊቱ ከፍ የተደረገ ፒክአፕ መሪው ሲያስቸግር፦ ከጎማ እስከ አላይመንት

ባሕር ዳር ላይ ፊቱ ከፍ የተደረገ ፒክአፕ በየመንገዱ ታያላችሁ። ምክንያቱ ይገባኛል። ፒክአፕ ከፋብሪካ ሲወጣ ኋላው ከፍ፣ ፊቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ጭነት ሲጫንበት ኋላው ወርዶ እንዲስተካከል ታስቦ ነው የተሰራው። እኛ ጋ ደግሞ ለጭነት እያልን ባሌስትራ (የኋላውን የተደራረበ ብረት) እንጨምራለን። ያኔ ባዶውን ሲሄድ አፍንጫውን መሬት ላይ የደፋ ይመስላል። ስለዚህ ፊቱን አምስት ስድስት ሳንቲም ከፍ ማድረግ ይከተላል። ለዘጌ መንገድም፣ በክረምት ለፎገራ ጭቃም ይሆናል ተብሎ።

ከዚያ ቅሬታው ይጀምራል። መኪናው አስፋልት ላይ ይዋልላል። ወደ አንድ ጎን ይስባል። አዲስ ጎማ በወራት ውስጥ በአንድ ጠርዙ ይበላል። ባለ መኪናው አላይመንት (የጎማዎቹን ማዕዘን በማሽን ማስተካከል) ያሰራል፣ ይከፍላል፣ ይወጣል። መሪው ግን ያው ነው። ሌላ ቦታ ሄዶ ደግሞ ያሰራል።

አላይመንት የመጨረሻው ስራ ነው። ቴስቲናው (የመሪ ዘንጉ መገጣጠሚያ) ልቅ የሆነ፣ ቡሹ (በመገጣጠሚያ ውስጥ ያለው ላስቲክ) ያለቀ ወይም ከልክ በላይ ከፍ የተደረገ መኪና ማሽን ላይ ቢወጣ የሚገኘው ቁጥር ዋጋ የለውም። ጋራዡን ለቆ ገና አንድ ጉብታ ሲዘል ቁጥሩ ይቀየራል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንያዝ። አብዛኛውን ራሳችሁ ግቢያችሁ ውስጥ ልትሰሩት ትችላላችሁ።

የምጽፈው በዋናነት ስለ ቶዮታ ሃይሉክስ ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ወዲህ (ቪጎ እና ሬቮ የምንላቸው) ነው። ፊታቸው ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዝ ላይኛና ታችኛ ክንድ፣ መሐሉ ላይ አሞርዛተርና ሞላ አንድ ላይ አለው። ኋላቸው ባሌስትራ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ኢሱዙ ዲማክስ ግን ፊቱ ላይ በሞላ ፈንታ የሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ አለው። እሱን በቦታው ለይቼ አነሳዋለሁ።

ከፍ ሲል ምን ይቀየራል?

ሦስት ነገሮች አሉ፤ ካስተር፣ ካምበር እና ቶ።

ካስተርን ለመረዳት ብስክሌት ተመልከቱ፤ ባሕር ዳር ላይ ብስክሌት አይጠፋም። የፊት ሹካው ቀጥ ብሎ አልቆመም፣ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ነው የወጣው። እጃችሁን ብትለቁት እንኳ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ያ ዘንበል ማለቱ ይረዳዋል። መኪናም እንዲሁ ነው፤ ጎማው የሚታጠፍበት ዘንግ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ሲያዘነብል ፖዘቲቭ ካስተር ይባላል። መሪው ከታጠፈ በኋላ ራሱ ወደ መሐል የሚመለሰው፣ በፍጥነት ስትሄዱም የሚረጋው በካስተር ነው። ሃይሉክስን የመሰለ መኪና ፊቱ ከፍ ሲል ካስተሩ ይቀንሳል። «መሪው ቀለለ፣ ግን ይዋልላል» የሚባለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

ካምበር ጎማውን ከፊት ስታዩት ጭንቅላቱ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የማዘንበሉ ነገር ነው፤ ወደ ውጭ ሲሆን ፖዘቲቭ ይባላል። ሲበዛ ጎማውን በአንድ ጠርዝ ብቻ ይበላል። ቶ ደግሞ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ከላይ ሲታዩ አፍንጫቸው ይቀራረብ ወይስ ይራራቅ የሚለው ነው። ሲቀራረብ ቶ-ኢን፣ ሲራራቅ ቶ-አውት ይባላል። ጎማን ቶሎ የሚጨርሰው ቶ ነው። ፊቱ ከፍ ሲል ከመሪ ሳጥኑ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ ወደ ታች ያዘነብላል፤ በዚህም ቶው ይዛባል። ስለዚህ ከፍ ተደርጎ አላይመንት ያልተሰራለት መኪና ጎማውን እያከሰረ ነው የሚሄደው።

መጀመሪያ ቁመቱን ለኩ

መኪናውን ጠፍጣፋ መሬት ላይ አቁሙ። ከክሪክ ላይ ገና ያወረዳችሁት ከሆነ ጥቂት ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንከባልሉት፤ ካልሆነ ጎማው ወደ ውስጥ እንደተያዘ ይቀራል፣ ቁመቱም ይዋሻል።

በሜትር ከጎማው መሐል (ከሙዝሉ) ቀጥታ ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው ቆርቆሮ) ጠርዝ ለኩ። ከመሬት አትለኩ፤ የጎማ አየርና መጠን ቁጥሩን ያበላሻል። አራቱንም ጻፉ። የፊት ግራና ቀኝ ከአንድ ሳንቲም በላይ ከተለያዩ አንዱ ሞላ ደክሟል ወይም ስፔሰሩ (ከፍ ለማድረግ የገባው ቁራጭ) እኩል አይደለም። ይህ ሳይስተካከል ወደ ፊት አትሂዱ።

ቀጥሎ የፊቱን ጎማ በክሪክ አንስታችሁ አንጠልጥሉትና ያንኑ ርቀት እንደገና ለኩ። በቆመበትና በተንጠለጠለበት መሐል ያለው ልዩነት ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ነው። እኔ አምስት ሳንቲም ካልቀረ አልወድም። ከዚያ ካነሰ ጉድጓድ ስትገቡ ወይም ጉብታ ስትወጡ አሞርዛተሩ ጫፉ ላይ ይደርሳል፤ «ታክ» የሚል የብረት ድምፅ ትሰማላችሁ። ያ ድምፅ አሞርዛተሩንም ቴስቲናውንም እየገደለ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር እዚህ አለ። ከአሞርዛተሩ ራስ ላይ የሚገባ ስፔሰር ውፍረቱ 25 ሚሊሜትር ቢሆን መኪናው የሚነሳው በ25 አይደለም፤ ወደ 50 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አሞርዛተሩ የታችኛውን ክንድ የሚይዘው ከመሐሉ አካባቢ ስለሆነ ነው። «ትንሽ ናት» ተብላ የገባች ቁራጭ ስራዋ እጥፍ ነው። ሁለት ስፔሰር መደራረብ ደግሞ ጨርሶ የማይሞከር ነው። ከአምስት ሳንቲም በላይ ከፍ ማድረግ የፈለገ ሰው ካስተሩን ለመመለስ የተሰራ የላይኛ ክንድ አብሮ ይግዛ። ገንዘቡ ካልበቃ መኪናውን ትንሽ ዝቅ ያድርገው።

የብረት ዘንግ ያለው ዲማክስ ከሆነ ከፍ የሚደረገው ማስተካከያ ቦሎኑን በማጥበቅ ነው። ቀላል ስለሆነ ያለልክ ይጠበቃል። ከመንካታችሁ በፊት በቀለም ምልክት አድርጉ። ፊቱን በክሪክ አንስታችሁ ክብደቱን ቀንሱለት፣ ከዚያ ግራና ቀኝ እኩል ዙር አዙሩ።

ጎማው ይናገራል

መዳፋችሁን በጎማው ጥርስ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ አንሸራትቱ። በአንድ በኩል ለስላሳ፣ ሲመለስ እንደ መጋዝ የሚቆረቁር ከሆነ ቶው ተዛብቷል። አንዱ ጠርዝ ብቻ ከተበላ ካምበሩን ጠርጥሩ። ሁለቱም ጠርዝ አልቆ መሐሉ ከቀረ አየር አንሶት ነው የሄደው፤ መሐሉ ብቻ ከተበላ አየር በዝቶበታል። በየቦታው ጎድጎድ ካለ አሞርዛተሩ ደክሟል ወይም ባላንስ የለውም።

አየሩን ጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ ለኩ። ትክክለኛው ቁጥር በሾፌሩ በር ማዕዘን ላይ ተለጥፏል፤ ብዙ ጊዜ ባዶና ጭነት ለየብቻ ይጻፋል። ጎሚስታው በግምት የሞላውን አትመኑ። ግራና ቀኝ እኩል ካልሆነ መኪናው አየር ወዳነሰበት ይስባል። ለዚህ አላይመንት መክፈል አያስፈልግም።

ስለ ጭቃ ትንሽ ልበል፤ የጣና ዙሪያ ነገር ስለሆነ። ከሐሙሲት እስከ ወረታ ያለው የፎገራ ሜዳ ጥቁር አፈር ነው። ከሩዝ ማሳ መንገድ የወጣ መኪና ቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ ጭቃ ይዞ ይደርቃል። ከውጭ አይታይም፣ የመኪና አጣቢውም ውሃ እዚያ አይደርስም። ከዚያ አስፋልት ላይ 80 ወይም 100 ኪሎሜትር በሰዓት ሲገባ መሪው ይንቀጠቀጣል። ሰው «ከፍ ስላደረግነው ነው» ይላል። ጎማውን አውልቁና ቸርኬውን ከውስጥ በኩል በእንጨት ፋቁ፣ እጠቡ። ባላንስ የሚሰራውም ከዚያ በኋላ ነው።

መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ የፊት ግራውንና የፊት ቀኙን ጎማ አቀያይሩ (ጎማው አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር ዓይነት ካልሆነ)። ስበቱ አቅጣጫውን ከቀየረ ችግሩ ጎማው ነው። ካልቀየረ ወደሚቀጥለው ሂዱ።

ልቅ የሆነውን ፈልጉ

ይህ ክፍል ጊዜ ይወስዳል፤ ግን እዚህ ላይ የሚቆጠብ ሰዓት በኋላ ገንዘብ ያስወጣል። አንድ ረዳት ያስፈልጋችኋል። ክሪክ ላይ ብቻ ተማምናችሁ ከመኪና ስር አትግቡ፤ ሻንሲው ስር ጠንካራ ማቆሚያ አስገቡ፣ የኋላ ጎማውን በድንጋይ አስደግፉ።

ክሪኩን በታችኛው ክንድ ስር፣ ወደ ጎማው ቀረብ አድርጋችሁ አስገቡ። የሃይሉክስ ክብደት በሞላው በኩል የሚያርፈው በታችኛው ክንድ ላይ ነው። ሻንሲውን ብታነሱት የታችኛው ቦል ጆይንት (ክንዱን ከጎማው በኩል የሚያያይዘው ኳስ መሰል መገጣጠሚያ) ተወጥሮ ይቆይና ያለቀው ያላለቀ ይመስላል።

ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙ። ከተንቀሳቀሰ ረዳታችሁ ፍሬን ይርገጥ። ሲረገጥ መንቀሳቀሱ ከቆመ ኩሽኔታ ነው። ካልቆመ ቦል ጆይንት ነው። ከዚያ ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ወዝውዙ፤ እዚህ የሚንቀሳቀስ የመሪ ቴስቲና ወይም ራሱ የመሪ ሳጥኑ ነው። መኪናውን አውርዱና ሞተሩን አስነስታችሁ ረዳታችሁ መሪውን በትንሹ ግራ ቀኝ ሲያደርግ እናንተ ከጎን ሆናችሁ ቴስቲናውን በእጃችሁ ዳስሱ። የሚመታ ነገር በጣታችሁ ይሰማችኋል።

ክንዶቹ ከሻንሲው ጋር የሚያያዙበትን ቡሽ በብረት ዘንግ ፈልቅቃችሁ እዩ። ላስቲኩ የተሰነጠቀና ዘይት የነካው ቡሽ ይቀየር። ቡሽ ሲቀየር አንድ ደንብ አለ፤ ቦሎኑ መጨረሻ ላይ የሚጠብቀው መኪናው በአራቱም ጎማ መሬት ላይ ቆሞ ነው። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ የቡሹ ላስቲክ ተጠምዝዞ ይያዛል፣ ቶሎ ይበጠሳል፣ ቁመቱም ይዛባል። ስንት መካኒክ ይህን እንደሚዘለው ማየት ያሳዝነኛል።

ፎር ባይ ፎር ከሆነ የፊት አክስሉን የላስቲክ ሽፋን እጥፋቶቹን ዘርግታችሁ እዩ። ከፍ ያለ መኪና አክስሉ በከፋ ማዕዘን ነው የሚዞረው። ግሪስ ከረጨ ተቀዷል።

ኋላውን አትርሱ። ባሌስትራ በተጨመረበት መኪና ዩ-ቦልቶቹ ይላላሉ፤ የባሌስትራው የመሐል ቦሎንም ሊቆረጥ ይችላል። ያኔ የኋላው አክስል ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ምልክቱ መኪናው ቀጥ ብሎ እየሄደ መሪው ጠማማ ሆኖ መያዙ ነው። ለማረጋገጥ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል በሁለቱም ጎን ለኩ። ከ2005 እስከ 2023 (እ.ኤ.አ.) ባለው ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ይህ ርቀት 3,085 ሚሊሜትር ነው። ዋናው ነገር ግን ግራና ቀኙ መመሳሰሉ ነው። አምስት ሚሊሜትር ካለፈ ፈልጉ። የኋላው በአላይመንት ማሽን የሚዞር ቦሎን የለውም፤ በባሌስትራው በኩል ነው የሚታከመው።

የደረቀውን ቦሎን አስቀድማችሁ አላሉ

በሃይሉክስ ላይ ካስተርና ካምበር የሚስተካከለው በታችኛው ክንድ ሁለት ቦሎኖች ነው። ቀዳዳው ከመሐሉ የራቀ ዲስክ አላቸው፤ ሲዞሩ ክንዱን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይገፉታል። ችግሩ ለዓመታት ያልተነኩ መሆናቸው ነው። በጭቃና በዝገት ከቡሹ ብረት ጋር ይጣበቃሉ። የአላይመንት ሰራተኛው ይሞክራል፣ እምቢ ይለዋል፣ ቶውን ብቻ አስተካክሎ ያወጣችኋል። ባሕር ዳርም ሆነ ሌላ ቦታ «አላይመንት ሰራሁ፣ ለውጥ የለም» ከሚሉት ብዙዎቹ የሆነባቸው ይኸው ነው።

ስለዚህ ከቀጠሮው ሁለት ሦስት ቀን በፊት የዝገት ማላቀቂያ ርጩባቸው፣ ማታ ማታ ድገሙት። የነበረበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉ። ዳዶውን አላሉና ቦሎኑ ራሱ መዞሩን አረጋግጡ። ዳዶው ላልቶ ቦሎኑ ካልዞረ ከቡሹ ጋር ተጣብቋል። ያኔ ቦሎኑን ቆርጦ ከነቡሹ መቀየር ነው። በመዶሻ ብቻ የሚፈታ ነገር አይደለም።

አላይመንት ላይ ምን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ?

መኪናውን ሁልጊዜ እንደምትነዱት ይዛችሁ ሂዱ። የመፍቻ ሳጥናችሁ፣ ተጠባባቂ ጎማችሁ ቦታው ይሁን። ነዳጁ ግማሽ ቢሆን ጥሩ ነው።

ሰራተኛው መጀመሪያ ካስተርንና ካምበርን፣ መጨረሻ ላይ ቶን ይስራ። ካስተር ሲነካ ቶ ይቀየራልና ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ስራው ዋጋ የለውም። ካምበሩን ወደ ዜሮ አቅርቦ የሚገኘውን ያህል ፖዘቲቭ ካስተር እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ፊቱ ከፍ ባለ ሃይሉክስ 3 ዲግሪ አካባቢ ከተገኘ መኪናው ይረጋል። ከ2 በታች ከቀረ ግን ረጅም መንገድ ላይ ያደክማችኋል፤ ወይ ትንሽ ዝቅ ይደረግ ወይ የላይኛው ክንድ ይቀየር። ግራና ቀኙ በግማሽ ዲግሪ ውስጥ ይቀራረቡ። መኪናው ካስተሩ ወዳነሰበት ጎን፣ ካምበሩ ይበልጥ ፖዘቲቭ ወደሆነበት ጎን ይስባል። ቶው በድምሩ ከዜሮ እስከ 2 ሚሊሜትር ቶ-ኢን ቢሆን ይበቃል። መሪው በዚያ ጊዜ ቀጥ ብሎ መታሰር አለበት።

ከመስራቱ በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር አሳትማችሁ ተቀበሉ። ማተሚያ ከሌለ ከስክሪኑ ላይ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ያለ ቁጥር ቀጣዩ መካኒክ ከዜሮ ይጀምራል። አዲሱ ሬቮ ላይ ደግሞ የመረጋጋት መቆጣጠሪያው መብራት ከበራ የመሪው ማዕዘን ሴንሰር ዜሮው እንደገና ይስተካከልለት።

ማሽን እስኪገኝ ቶን ብቻ በሜትር ማስጠጋት ይቻላል። በሁለቱ የፊት ጎማዎች ጥርስ መሐል ላይ፣ ከኋላ በኩል፣ በሙዝሉ ቁመት ምልክት አድርጉና በመሐላቸው ያለውን ርቀት ለኩ። መኪናውን ወደ ፊት አንከባልላችሁ ምልክቶቹ ከፊት በኩል በዚያው ቁመት ሲመጡ እንደገና ለኩ። የፊቱ ካነሰ ቶ-ኢን ነው። ይህ ጎማ እንዳይበላ የሚያደርስ ጊዜያዊ መላ ነው፤ ካስተርን አይነግራችሁም።

መንገድ ላይ ሞክሩት

ወደ መሸንቲ የሚወስደውን አስፋልት የመሰለ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ጠዋት ባጃጁ ሳይበዛ ያዙ። በ60፣ ከዚያ በ80 ሂዱ። መሪውን ላላ አድርጋችሁ ያዙት፤ ጨርሶ አትልቀቁት። መንገዱ ውሃ እንዲያፈስ ወደ ዳር ተዳፍቶ ስለሚሰራ ወደ ቀኝ በዝግታ ማዘንበሉ ጤናማ ነው። በፍጥነት የሚስብ ከሆነ፣ ወይም ወደ ግራ የሚስብ ከሆነ አይደለም። አደባባይ ዞራችሁ ስትወጡ መሪው በራሱ ወደ መሐል መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ካስተር አንሶታል ወይም ቦል ጆይንቱ ደርቋል። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚስብ ከሆነ አላይመንቱን ተዉና ፍሬኑን እዩ። መሪው ሳይሆን መቀመጫው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የኋላውን ጎማና ትራስሚሽን (ኃይሉን ወደ ኋላ የሚያደርሰውን ዘንግ) እዩ።

ጉድጓድ ሲመታ ብቻ መሪው ከእጃችሁ የሚነጥቅ ከሆነ፣ ቁጥሮቹ ሁሉ ልክ ቢሆኑም፣ ከፍታው ነው። የመሪው ዘንግና የታችኛው ክንድ አንድ ላይ መውጣትና መውረድ አቅቷቸው ጎማው በእያንዳንዱ ጉብታ ላይ በራሱ ይታጠፋል። ለዚህ ማስተካከያ ቦሎን የለም። ዝቅ ማድረግ ነው።

ጭነት ያለበትን ሙከራም አትዝለሉ። ከመራዊ በቆሎ ወይም ከወረታ ሩዝ ስትጭኑ ኋላው ይወርዳል፣ ፊቱ ከነበረው ይበልጥ ይነሳል፣ የፊት ጎማው ላይ ያለው ክብደት ይቀንሳል፣ መሪው ይሳሳል። ቀድሞ ፊቱ ከፍ የተደረገ መኪና ላይ ይህ ይከፋል። አዲስ አበባ ለመሄድ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ለምትወርዱ ይህ ቀልድ አይደለም። ጭነቱን ወደ ጋቢናው አስጠግታችሁ ጫኑ፣ አምራቹ ከፈቀደው አትለፉ። ኋላውን በባሌስትራ ያስነሳችሁ ደግሞ የኋላ ፍሬንን በጭነት የሚመጥን ቫልቭ ካላችሁ እንዲስተካከል አድርጉ። ቫልቩ ከአክስሉ ከፍታ ነው ጭነቱን የሚያውቀው። ኋላው ሲነሳ «መኪናው ባዶ ነው» ብሎ የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል።

ፊቱ ሲነሳ የፊት መብራቱም ይነሳል። ማታ በሐይቁ ዳር መንገድ ለሚመጣው ባጃጅና ለእግረኛው ዓይን ያሳውራል። መኪናውን ከግድግዳ ሰባት ስምንት ሜትር አርቃችሁ አቁሙ። አጭሩን መብራት አብሩና የብርሃኑ የላይኛ ጠርዝ ከመብራቱ ራሱ ቁመት ዝቅ ብሎ እስኪያርፍ ማስተካከያውን አዙሩ።

ወደ 500 ኪሎሜትር ከሄዳችሁ በኋላ የስፔሰሩን፣ የክንዶቹንና የዩ-ቦልቶቹን ዳዶ በትክክለኛው ኃይል እንደገና አጥብቁ። ከሙዝል እስከ ፓራፋንጎ ያለውን ቁመት ዳግም ለኩ። አዲስ ሞላ ገብቶ ከሆነ ትንሽ ይቀመጣል፤ ከአንድ ሳንቲም በላይ ከወረደ ቶው ብቻውን እንደገና ይታይ።